እምቢ ያለው ጥቁር መስኮት

እንጅባራ ውስጥ አድማሴን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ ሰው ነው። ረጅም፣ ከትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ጃንጥላውን በጋ ከክረምት ከእጁ የማይለይ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ቆሞ «እንዴት አደራችሁ» የሚል ሰው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሰላምታው በዝቷል። ጋሪ ነጂውን፣ የባጃጁን ልጅ፣ ጉም በወረደበት አንድ ጠዋትማ በሚሠራበት ማሠልጠኛ በር ላይ የተተከለውን የመብራት ምሰሶም ሳይቀር ሰላም ብሎ አልፏል ይባላል። ሰው «ትሕትናው ነው» አለ። ትሕትናም አልጠፋበትም፤ ዋናው ምክንያት ግን ዓይኑ ነበር። ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ፊት ከተምታታበት ቆይቷል፤ «አይቶ አለፈኝ ብሎ የሚቀየመኝ ከሚበዛ ለሁሉም ሰላምታ ብሰጥ ምን እጎዳለሁ» ብሎ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱ ለውብአየሁም ቢሆን።

አባቱ በዳንግላ አካባቢ የታወቁ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ የዳዊት መጽሐፍ የሚጽፉ። አድማሴ ብራናውን ባይወርስም ጽሕፈቱን ወረሰ። በወጣትነቱ ታይፕ ተማረ፤ ቆይቶም ዳንግላ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ የጽሕፈት መኪናዎቹን ደርድሮ የስንት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ አስተማረ። ኮምፒውተር ሲመጣ «እንግዲህ አድማሴ አለቀለት» ያሉ ነበሩ። እሱ መኪናዎቹን ሸጠና ራሱ ተማሪ ሆኖ ተቀመጠ። በመጨረሻም እንጅባራ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የግል ማሠልጠኛ የኮምፒውተር አሠልጣኝ ሆነ። ሠልጣኞቹ «የኔታ» ይሉታል። ሲጀምሩት ለቀልድ ነበር፤ እያደር ስም ሆነ።

ከአባቱ የወረሰው ሌላም ነገር አለ። አድማሴ ምንም ይጻፍ ምን፣ ከሁሉ በፊት «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብሎ ነው የሚጀምር። የዕድር ማስታወቂያ ቢሆን፣ የፈተና ጥያቄ ቢሆን፣ ለውብአየሁ የአንድ ማዳበሪያ ድንች ዋጋ ጽፎ ሲሰጣት እንኳ ከራሱ ላይ ይቺ አለች። «መክፈቻ የሌለው ጽሑፍ ደጅ ሳይጠና የሰው ቤት እንደመግባት ነው» ይሉት ነበር አባቱ። እጁ ስለለመደው አሁን መጻፉንም አያውቀው።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. ነው። የማሠልጠኛው ኮምፒውተሮች አርጅተው፣ በየፍላሹ በሚገባው ቫይረስም ተሠቃይተው ስለነበር፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ተጫነባቸው። ከሊኑክሱ ጋር ተርሚናል መጣ። ተርሚናል ጥቁር መስኮት ነው፤ በመዳፊት እዚህ እዚያ መጫን የለም፣ ትእዛዙን ጽፈህ ትሰጠዋለህ፣ እሱም ጽፎ ይመልስልሃል። አድማሴ ገና እንዳየው ወደደው። ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍ ለኖረ ሰው፣ የጻፉለትን የሚፈጽም ማሽን ከዚህ በላይ ምን ይገኛል። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው። ፊደሉ ነጭ ነው፣ መደቡ ጥቁር፣ ትልቅነቱም የጤፍ ፍሬ ያህል። ብቻውን ሲሆን አፍንጫውን ከሞኒተሩ ሊያስነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠግቶ ያነባል። ሰው ባለበት ይህን ማድረግ አይሆንም።

በዚህ ላይ ሌላ ወሬ መጣ። አሠልጣኞችን የሚመዝን ሰው ከባሕር ዳር ይላካል፤ ሐሙስ ይደርሳል፤ አሠልጣኙን ራሱ በመረጠው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ በተርሚናል ያሠራዋል። ያለፈ ያስተምራል። የወደቀ ከክፍል ወጥቶ ግምጃ ቤት ይቀመጣል፤ የወንበርና የጠመኔ ጠባቂ ይሆናል ማለት ነው። አድማሴ ትእዛዞቹን እንደ ዳዊት በቃሉ ያውቃቸዋል። ማሽኑ የሚመልስለትን ካላነበበ ግን ማወቁ ምን ያደርግለታል።

ምክሩን ያገኘው ከሃጀር ነው። ሃጀር የላቦራቶሪው ኃላፊና አብራው የምታሠለጥን ወጣት ናት፤ አባቷ ዳንግላ ገበያ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ። ጨዋታ ታውቃለች፣ ኮምፒውተርም ታውቃለች።

«ጋሼ፣ ያ ጥቁር መስኮት ሲከፈት አስቀድሞ የሚያነበው ፋይል አለ» አለችው። «ኮንፊግ ይሉታል። የመደቡ ቀለም፣ የፊደሉ ትልቅነት፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። ፋይሉን ቢቀይሩት መስኮቱም ይቀየራል።»

«አንዱን ጽፌ ለሁሉም ኮምፒውተር ባድለውስ?»

«በፍላሽ ነዋ። ቀላል ነው።»

አድማሴ ደስ አለው። የተደበቀውን ፎልደር አስከፍታው ፋይሉን አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን አንዷን ቁጥር ነክቶ ይተወው ነበር። እሱ ግን የቁም ጸሐፊ ልጅ አይደል፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ መለጠፍ አይወድም። ሁሉንም አጠፋና እንደ አዲስ በገዛ እጁ ጻፈው። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ መልሶ እንደ ልማዱ መክፈቻውን ጻፈ፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮ እያንዳንዱን ቃል እንዳየው ገለበጠ። ፊደል፣ ሃያ አራት። መደብ፣ ነጭ። ጽሑፍ፣ ጥቁር። ሴቭ አደረገና ተርሚናሉን ከፈተ።

ጥቁር። የጤፍ ፍሬ።

ዘግቶ ከፈተው። ያው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳው። ያው ነው። ፋይሉን ከፍቶ ቢያየው የጻፈው ሁሉ አለ፣ ሃያ አራቱም አለ። እንደገና መስኮቱን ከፈተ፤ መስኮቱ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ሁሉ ጠቁሮ ጠበቀው። ሰው ቢያኮርፍ ሽማግሌ ይላክበታል፤ ይህ ግን በምን አፉ ይጠየቃል። ያን ቀን አድማሴ ምሳውንም ረሳ።

በማግስቱ ሃጀርን ጠራት። ከጎኑ ቆማ ጎንበስ ብላ ፋይሉን አየችው። ከዚያ ቀና አለች። እንደገና ጎንበስ አለች። ሻሿን አስተካከለች።

«ምን ታየሽ?»

«እ… ጋሼ… ከላይ ጀምረው ይመልከቱት እስቲ።»

«ከላይ ነው የጀመርኩት።»

«ከላይ፣ ማለቴ፣ ከሁሉም በላይ።»

አድማሴ ከሁሉም በላይ ያለውን ተመለከተ። ከሁሉም በላይ ያለው የሞኒተሩ ግንባር ነው፤ አቧራ ነበረበት። በመሐረቡ ጠረገው። ሃጀር ከንፈሯን ነክሳ «ሠልጣኝ እየጠራኝ ነው» ብላ ሄደች። ማንም አልጠራትም ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ እሱ ሳይጠይቃት መጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሌላ ሌላውን ስትጫወት ቆየችና «ጋሼ» አለች፤ «አንዳንድ ነገር ለሰው በጣም ጥሩ ይሆንና ለማሽን አይሆንም። አይደለም?»

አድማሴ ደነገጠ። ምን ማለቷ ነው? «ለሰው ጥሩ፣ ለማሽን የማይሆን»፤ እኔን ነው። ዓይኔን አይታብኛለች። ሽማግሌው ደግ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን አይሆንም ማለቷ ነው። ፊቱን አጠቆረና «ሥራ አለብኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን አሳጠረባት፤ ለመብራት ምሰሶ የማይነፍገውን ሰላምታ ለሃጀር ነፈጋት።

በጉዳዩ ሌላ ሰው ማስገባት ግድ ሆነበት። ይሄይስ የሚባል የጥንት የታይፕ ተማሪው ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኗል። ስልክ ደወለለት። ኔትወርኩ በላቦራቶሪው መስኮት አጠገብ ብቻ ነው የሚይዘው፤ አድማሴ አንድ ጆሮው ከስልኩ፣ አንድ ዓይኑ ከሞኒተሩ፣ ወገቡን አጣሞ ቆመ።

«የኔታ፣ እስቲ ፋይሉን ያንብቡልኝ» አለ ይሄይስ።

«ቅንፍ፣ ጀነራል፣ ቅንፍ።»

«ማዕዘን ያለው ቅንፍ ነው ወይስ ክቡ?»

«አንተ ልጅ፣ ቅንፍ ያስተማርኩህን እኔን ቅንፍ ትጠይቀኛለህ? ማዕዘን ያለው ነው።»

«ይቅርታ የኔታ። ይቀጥሉ።»

«ፎንትኔም፣ እኩል ይሆናል፣ ሞኖስፔስ፣ ሃያ አራት።»

«ሃያ አራት? አህያ የሚያህል ፊደል ይሆናል እኮ።»

«ለኋላ ተቀማጮች ነው» አለ አድማሴ ፈጥኖ። «ቢጂከለር፣ እኩል ይሆናል…»

እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው አነበበለት። ይሄይስ እያንዳንዱን መስመር በስልክ ተቀብሎ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለ።

«ምንም ስሕተት የለውም የኔታ።»

«ስሕተት ከሌለው ለምን እምቢ ይለኛል?»

«ባለቤቱ ሌላ ሰው ሆኖ ይሆናል። ፋይሉ በማን ስም ነው ያለው?»

ታየ። በአድማሴ ስም ነው። ፋይሉ ያለበት ፎልደር ታየ። ትክክለኛው ነው። የፋይሉ ስም ታየ፣ አንዲት ፊደል አልጎደለችውም። ይሄይስም ግራ ገባው።

«እንግዲህ አንድ የቀረ ነገር አለ» አለ። «አሁን አንድ ተርሚናል ተከፍቶልዎታል አይደል? እዚያው ውስጥ የተርሚናሉን ስም ይጻፉና ሁለተኛውን ይጥሩት። በመዳፊት ሲከፍቱት የሆዱን በሆዱ ይይዛል፤ እንዲህ ሲጠሩት ግን ቅር ያለውን ይናገራል።»

አድማሴ ጻፈ። እውነትም ተናገረ። አፍንጫውን አስጠግቶ አነበበው፤ እንግሊዝኛውን እየተረጎመ ለይሄይስ ነገረው። ፋይሉ ውስጥ አንድ የማይገባው መስመር አግኝቷል፤ መስመሩ ምድብም አይደለም፣ ትእዛዝም አይደለም፣ ማስታወሻም አይደለም። መስመሩን ራሱን አልጻፈውም፤ በሱ ቦታ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን ደርድሯል። ይህ ተርሚናል የአማርኛ ፊደል አልተጫነለትም፤ ያላወቀውን ፊደል ሁሉ በሳጥን ነው የሚያሳየው። ይህን አድማሴም ይሄይስም በዚያ ሰዓት አላሰቡትም።

«ሳጥን ምንድን ነው?» አለ አድማሴ።

«እንጃ፤ ምናልባት ሲገለበጥ የተበላሸ ነገር ይሆናል። መጀመሪያው መስመር ምንድን ነው ያሉኝ?»

«ቅንፍ፣ ጀነራል፣ ቅንፍ።»

«ከዚያ በላይ ምንም የለም?»

«ምንም።»

አድማሴ አልዋሸም። ቤትህ ስንት ክፍል ነው ተብሎ ሲጠየቅ ደጃፉን የሚቆጥር ማን አለ? «እንግዲያው እሷን መስመር አጥፍተው እንደገና ይጻፏት» አለ ይሄይስ፤ ኔትወርኩም ጠፋ። አድማሴ ያቺን ምንም ያልበደለች የቅንፍ መስመር አጠፋት፤ ጻፋት። አጠፋት፤ ጻፋት። መስኮቱ ጥቁር ነው።

ቤቱ ሲገባ ውብአየሁ ድንች ከማዳበሪያ እየገለበጠች ትለይ ነበር። የተጎዳውን ወደዚህ፣ ደህናውን ወደዚያ።

«ምን ሆነህ ነው የተከፋኸው?»

«ልክ የሆነ ነገር እምቢ ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ልክ መሆኑን ማን ነገረህ?» አለችና ድንቿን ቀጠለች።

ምዘናው ሲቃረብ አድማሴ ትዕግሥቱ አለቀ። ሠልጣኞቹ ለዕረፍት ወጥተው ሃጀር ብቻዋን ገመድ ስትጠቀልል አገኛትና በሩን ገርበብ አድርጎ ከፊቷ ቆመ።

«ሃጀር፣ ልጄ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። አርጅተሃል፣ ይብቃህ ማለትሽ ከሆነ ፊት ለፊት ንገሪኝ።»

ሃጀር ገመዱን ከእጇ ጣለችው። «እኔ? መቼ እንዲያ አልኩ ጋሼ?»

«ለሰው ጥሩ፣ ለማሽን የማይሆን አላልሽም?»

«ወይ ጉድ። ስለ እርስዎ መሰለዎት?» ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «ስለ ፋይሉ ነው እኮ። የላይኛው መስመር።»

«ቅንፏ?»

«ከቅንፏ በላይ ያለው።»

አድማሴ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። ፋይሉን ከፈተ። አየው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይኑ ያለፈውን ነገር ያን ጊዜ አየው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።»

«ይኼ መስመር አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «መክፈቻ ነው።»

«ለእርስዎ መክፈቻ ነው። ለሱ መስመር አንድ ነው።»

«ካወቅሽ ቆይተሻል?»

«የጠሩኝ ቀን።»

«ታዲያ ዝም ትያለሽ?»

«ምን ልበል ጋሼ?» ድምጿ ተለወጠ። «ሌላ ሰው ቢሆን ‹ያንን አጥፉት› ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ስለው ሌላ ይሆናል። ሃጀር ናት እኮ የምትልዎ። የአምላክን ስም አጥፉ ብላኛለች ቢሉ ምን እመልሳለሁ? እርስዎ እንኳ ባይሉ የሰማ ሰው ይላል። ይሄው ‹ከላይ፣ ከላይ› እያልኩ ከረምኩ፤ እርስዎ ደግሞ ሞኒተር ይጠርጋሉ።»

አድማሴ ሊስቅ ፈለገ፤ አልመጣለትም። ሌላ ነገር ነበር የያዘው። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ሞኒተሩን ከጎን ከጎን አየው።

«ስሙን ሲያይ ነው እምቢ ያለው ማለት ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምን ቢኖርበት ነው? ጸበል ቢረጭበትስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ኪቦርዱን። መለወጫ የለንም።» ሃጀር ወንበር ስባ ተጠጋች። «ስሙን ጠልቶ አይደለም። ሌላም ቢጻፍበት ያው ነው። እስቲ ያንን ለጊዜው በወረቀት ገልብጠው ያኑሩትና የራስዎን ስም ይጻፉበት።»

አድማሴ መክፈቻውን በወረቀት ላይ ጻፈው፤ ወረቀቱንም አጥፎ በደረት ኪሱ አኖረው። በቦታው «አድማሴ» ብሎ ጻፈ። መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ተከፈተ።

«አንቺን ልሞክር።» «ሃጀር» ብሎ ጻፈ። ጥቁር።

«እንጅባራን።» ጥቁር።

«ለማንም አያዳላም» አለ አድማሴ፤ ያን ጊዜ ሳቁ መጣለት። ሃጀርም ሳቀች።

«አየህ፣ ማለቴ አዩ ጋሼ፣ እሱ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት መስመር ነው። በቅንፍ ያለ፣ እኩል ይሆናል ያለበት፣ አለዚያ ደግሞ ማስታወሻ። ከነዚህ ውጭ አንድ መስመር ከገጠመው ፋይሉን በሙሉ ጥሎ ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል።»

«አንድ ባያውቅ ሁሉንም ይጥላል? ያንን አንዱን ብቻ ለምን አይተወውም?»

«እንጃ። የሠሩት እንዲያ ሠሩት።»

«ማስታወሻ ያልሽውስ?»

ሃጀር ኪቦርዱ ላይ መሰላል የምትባለውን ምልክት አሳየችው፤ ያቺን በስልክ ሒሳብ ሲሞሉ መጨረሻ ላይ የምትጫነውን። «ይቺ በመስመሩ ራስ ላይ ካለች ማስታወሻ ነው። ለሰው የተጻፈ ነው ብሎ ሳያነበው ያልፈዋል።»

አድማሴ ወረቀቱን በኪሱ ላይ ዳሰሰ። ውጭ ሠልጣኞቹ ሲጫወቱ ይሰማል። አባቱ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር? ስሙን ጽፎ «አታንብብ» የሚል ምልክት ከፊቱ ማቆም ክብር ነው ወይስ ድፍረት? መጻፉን ጨርሶ መተውም አለ። ግን ያንን ሲያስበው ጣቱ ደነዘዘበት፤ በሕይወቱ ያለ መክፈቻ የጀመረው ጽሑፍ ትዝ አይለውም።

«አንቺስ እንዴት ነው የምታደርጊው?» አላት።

«እኔ በአፌ ነው የምለው። ማብሪያውን ስጫን ቢስሚላህ እላለሁ፤ ከዚያ ሥራዬን እሠራለሁ።»

«ሳያነበው ያልፈዋል ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ሰው ቢከፍተው ግን ያነበዋል።»

«ሰውማ ያነበዋል።»

አድማሴ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። መሰላሏን አስቀደመ። ከዚያ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ መልሶ መክፈቻውን አንዲት ፊደል ሳያጎድል ጻፈው። ሴቭ አድርጎ ተርሚናሉን ሲከፍት መስኮቱ እንደ ቀን ብርሃን ነጣ፤ መካከሉ ላይ የመጀመሪያው ፊደል ጉብ ብሎ ታየ። ከወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጦ አነበበው። ወደ ኋላ ተለጥጦ ማንበብ እንዴት እንደሚያሳርፍ ረስቶት ነበር።

«አታንብብ ሲሉት ያልፈዋል፤ ሳይሉት ያኮርፋል» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «አልገባኝም። ገብቶኛል፤ ግን አልገባኝም።»

«ጋሼ፣ ሃያ አራት ግን አልበዛም?»

«ለኋላ ተቀማጮች ነው» አለ አድማሴ፤ ይህን ጊዜ ግን አላያትም።

ፋይሉን በፍላሽ አዳረሱት። ሠልጣኞቹ ሲገቡ በየሞኒተሩ የቆመውን ፊደል አይተው ደነቃቸው። አንዱ ልጅ በአገውኛ ለጓደኛው አንድ ነገር ሹክ አለውና ሁለቱም ሳቁ።

«እኔም እሰማለሁ» አለ አድማሴ ከፊት ሆኖ። «ፊደሉ ከዘንገና ሐይቅ ማዶም ይነበባል አይደል ያልከው? እንግዲያው ከማዶ ሆነህ የጻፍከው ስሕተት አይታይም አትበለኝ።» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ሐሙስ መዛኙ ደረሰ። ወጣት ነው፤ የእንጅባራ ብርድ ስላልተስማማው ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቷል። አድማሴን መስኮቱ ጥግ ባለው፣ እሱ ከቶ በማይቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠው። ተርሚናሉ ተከፈተ። ነጭ። ጉልህ። ፎልደር ፍጠር ተባለ፣ ፈጠረ። የጠፋ ፋይል ፈልግ ተባለ፣ ፈለገ፣ አገኘ። ማሽኑ ስሕተት ሲመልስለትም አነበበና አረመ።

መዛኙ ከኋላው ቆሞ ሲያይ ቆየና «አቶ አድማሴ፣ ፊደሉ ለምን ይህን ያህል ተለቀ?» አለው።

መልሱ ተዘጋጅቷል። ለይሄይስም ለሃጀርም ተሰጥቷል፤ አልጋ በአልጋ የሆነ መልስ ነው። አድማሴ አፉን ከፈተ። ሃጀር በሩ ላይ ቆማለች፤ መልኳ ባይለይለትም ሻሿን ያውቀዋል። ያቺ ልጅ አንዲት ነገር በቀጥታ መናገር ፈርታ «ከላይ፣ ከላይ» ስትል ከረመች፤ እሱም የሚደብቀው ነገር ባይኖረው ኖሮ የተናገረችውን ሁሉ በራሱ ላይ ባልተረጎመው ነበር።

«ለዓይኔ ነው» አለ።

«ዓይንዎ ምን ሆኗል?»

«ጉም ወርዶበታል። ከዓመት በላይ ሆነው። ፊደሉ ካልተለቀ አላነብም።»

መዛኙ ጎንበስ ብሎ «እንዴት እንዳተለቁት ያሳዩኝ» አለው። አድማሴ ፋይሉን ከፈተለት። መዛኙ የመጀመሪያውን መስመር አነበበ፤ ከንፈሩም እያነበበ መሆኑን ያስታውቃል። ከዚያ የቀረውን አነበበ። ስለ መስመሩ ምንም አልጠየቀም።

«ሥራውን ሠርተዋል» አለ ቀና ብሎ። «እኔም ይህንኑ ነው የምመሰክረው፤ አልፈዋል። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንደ ልጅዎ ይቁጠሩኝ። ሠልጣኝ በራሱ ላፕቶፕ ቢሠራ፣ ከኋላ ቆመው ስሕተቱን ያዩለታል?»

አድማሴ አሰበበት። «አላይለትም።»

«እስኪታከሙ ድረስ ያንን ሌላ ሰው ያድርገው።»

«እኔ አደርገዋለሁ» አለች ሃጀር ከበሩ።

መዛኙ ከሄደ በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አድማሴ ማለፉ ደስ ሊያሰኘው ይገባል፤ ደስም አለው። ግን ደግሞ አንድ ነገር ከትከሻው የወረደ፣ ሌላ ነገር ደግሞ የተጫነ ይመስለዋል፤ የትኛው እንደሚከብድ ሊለየው አልቻለም።

«ለኋላ ተቀማጮች» አለች ሃጀር።

«ተይኝ እስቲ።»

«ለኋላ ተቀማጮች ብለውኝ፣ እኔ ደግሞ የመጨረሻውን ወንበር ወደፊት ሳስጠጋ ዋልኩ።»

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲገባ ውብአየሁ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ከጎረቤት ጋር ስትጫወት ነበር። ጎረቤቷ ተነሥታ ሄደች። አድማሴ ጃንጥላውን ደገፍ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አለፍክ?»

«አለፍኩ። ስለ ዓይኔም ነገርኳቸው።» አላት። «ላንቺም ልነግርሽ ነበር።»

«ምኑን? አለማየትህን?»

«ታውቂ ነበር?»

«አንተ ሰው፣ ባለፈው ቅዳሜ የአቶ አዝመራውን በቅሎ ‹እመቤት እንዴት ዋልሽ› ስትላት አጠገብህ የነበርኩት እኔ አይደለሁም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። የዓይን ሐኪሙ ባሕር ዳር ሰኞ ሰኞ ያያል አሉ፤ ጠይቄያለሁ። በጠዋቱ ሚኒባስ እንሄዳለን።»

አድማሴ ሰኞ ትምህርት አለብኝ ሊል ነበር። ሃጀር አለች ብሎ ተወው። ውብአየሁ የምትለብሰውን ስታስብ፣ ለመንገድ የምትይዘውን ስታስብ፣ እሱ ወደ መንገዱ እያየ ተቀመጠ። አንድ ሰው ይሁን ጋሪ ያልለየው ነገር ከጉሙ ውስጥ እየመጣ ነበር።

«ማን ነው?» አላት።

«ጎረቤታችን አስማረ ነው» አለችው። «ከልጁ ጋር።»

«እንዴት ዋላችሁ» አለ አድማሴ።